ጎማ የሌለው አውሮፕላን

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የጀመረው በውሸት ነው። በትንሽ ውሸት። ቤተሰብ ሁሉ ለልጅ በሚዋሸው ዓይነት።

"እኛ" ስንል ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ታናሽ እህት ማለታችን ነው። አራተኛዋ፣ የሁላችንም ታላቅ፣ ዱባይ ናት። ልጇ ማሙሽ እዚህ ቦሌ ሚካኤል ከእኛና ከእማማ ጋር ይኖራል (የትምህርት ቤት ስሙን ለትምህርት ቤት እንተወውና ማሙሽ እንበለው)። እናቱ ስትሄድ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ስድስት ሞልቶታል። እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነው። ማታ ማታ በኢሞ ስትደውል ፊቷን ያያል። ኔትወርኩ ሲቆም እሷም አፏን እንደከፈተች ትቆማለች፤ እሱ ደግሞ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ እስክትንቀሳቀስ ይጠብቃል። አንዳንዴ ይህ ጥበቃ ከንግግሩ ይረዝማል።

ለገና ትመጣለች ብለነው ነበር። ውሉ የሁለት ዓመት ስለነበር እኛም እውነት መስሎን ነው፤ ውሸት የሆነው ኋላ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ደውላ "ስድስት ወር ልጨምር ነው" አለችን። ለምን እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የእማማ መድኃኒት፣ የታናሻችን የኮሌጅ ክፍያ… ዝርዝሩን ያየ ሰው ጥፋተኞቹ እኛው መሆናችን ይገባዋል። ታዲያ ለልጁ ማን ይንገረው? አንተ ንገረው፣ አንቺ ንገሪው እየተባባልን ሦስት ቀን ተገፋፋን። በአራተኛው ቀን ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ጉቦ ሰጠን።

"ማሙሽዬ፣ እማዬ ለገና አልተመቻትም። እኛ ግን አውሮፕላን እንሠራልሃለን!"

አላለቀሰም። ትንሽ አሰበና "የቷን?" አለ።

ለካ ለእኛ አውሮፕላን ሁሉ አንድ ነው፤ ክንፍ ያለው ነገር ነው። ለእሱ ግን አይደለም። ሰፈራችን ሆኖ አንገቱን ወደ ላይ ሳያቀና የሚውል ልጅ የለም። "እማዬ የሄደችበትን" አለን።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "ገዝታችሁ አትገላገሉም እንዴ?" ማለታችሁ አይቀርም። ሞክረናል። መርካቶ አስፋልት ዳር በሸራ ላይ የሚዘረጉትን አየናቸው፤ ባትሪ ሲገባባቸው እየጮሁ በክብ የሚሽከረከሩ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት የሚረጩ፣ የማንም አገር ያልሆኑ አውሮፕላኖች ናቸው። የትኬት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ በብረት እግር የሚቆሙት ደግሞ ያምራሉ፤ ግን የሚሠሩት ለጠረጴዛ እንጂ ለልጅ እጅ አይደለም። እኛስ ስናድግ ማን ገዝቶልን ያውቃል? የሽቦ መኪና ከቆርኪ ጎማ ጋር፣ የካልሲ ኳስ… ሁሉንም የሠራነው እኛው ነን። ሠርተን አደግን ብለን ፎከርን። ፉከራው ዋጋ አስከፍሎናል፤ እንመጣበታለን።

ሥራው በሙግት ጀመረ። ከእኛ መሀል ታሪክ የሚወደው "ሲ-47 እንሥራ" አለ። አየር መንገዳችን በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈ የጭነት አውሮፕላን ነው። ቅርጹ ቀላል ነው፣ ሆዱ ክብ ነው፣ ክንፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ክንፉ ላይ ሁለት ማራገቢያ ቢጤ መለጠፍ ነው። በጣም ደስ አለን። ለማሙሽ ፎቶውን አሳየነው።

"እማዬ በዚህ አልሄደችም" አለ። ሙግቱ በዚሁ ተዘጋ።

እማዬ የሄደችበት ቦይንግ 787 ነበር፤ ሰዉ ድሪምላይነር የሚለው። አየር መንገዱ የመጀመሪያውን የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው። መረጃችን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ወደ ደረጃው ስትራመድ አንድ መንገደኛ ያነሳላት፣ ከኋላዋ የአውሮፕላኑ ጭራ የሚታይበት። የሚታይበት ስንል ግማሹ ነው፤ አረንጓዴውና ቢጫው አለ፣ ቀዩን ግን ሻሿ ጋርዶታል። ይህን ፎቶ ሁለት ዓመት ሙሉ አይተነዋል፤ ለካ ስናይ የኖርነው እሷን ብቻ ነው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራውን ለማየት ስናጎላው ዓይኗ እርጥብ እንደነበር አየን።

ሒሳቡ ይቀጥል። 787-8 የሚባለው ርዝመቱ 57 ሜትር ገደማ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 60 ሜትር ነው። መጀመሪያ አንድ መቶኛ እናድርገው አልን። 60 ሳንቲ ሜትር ክንፍ! ካርቶን ቆርጠን ማሙሽን አስያዝነው፤ በር ላይ ተጣብቆ ቀረ። ስለዚህ ሁለት መቶኛ ሆነ፤ ርዝመቱ 28፣ ክንፉ 30፣ የሆዱ ውፍረት ደግሞ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር ክብ እንጨት በቤታችን የት አለ ብለን ዞር ዞር ስንል… የአባባ ወንበር።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ወንበራቸው አንድ እግሩ ተሰብሮ ጓዳ ውስጥ ተገልብጦ ይኖር ነበር። ዋንዛ ነው፤ እማማ አይጣልም ያሉት፣ እኛም ያልጠገነው። የአያት ወንበር ለልጅ ልጅ አውሮፕላን ሲሆን አስቡት! እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ራሱ ይመቻል። እማማን አስፈቅደን እግሩን በመጋዝ ቆረጥን። ወንበሩ በድሮ ጊዜ ዘይት ቀለም፣ በጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ገዝተን ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠን መፈግፈግ ጀመርን። ማሙሽ አጠገባችን ነበር። የታላቃችን ልጅ ሚጡ፣ ዓመት ከመንፈቋ፣ በዚያው አቧራ ላይ ትድህ ነበር። ሁላችንም እንስቅ ነበር። አረንጓዴው ብናኝ ሚጡ ጣት ላይ ሲያርፍ፣ ጣቷም አፏ ውስጥ ሲገባ ፎቶ ሁሉ አንስተናል።

ታናሻችን የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት። ማታ ከትምህርት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችን፤ "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። "አውሮፕላን" አልን። "ቀለሙን ነው የምላችሁ።"

የዚያን ዕለት ማታ የተማርነውን እንንገራችሁ፤ ማንም ስላልነገረን ነው የምንጽፈው። የድሮ ዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ ነበረበት። እርሳስ ስንል የምትጽፉበትን አይደለም፤ እሱ በስም ብቻ እርሳስ የሆነ ግራፋይት ነው። ይኼኛው እውነተኛው፣ ከባዱ፣ ጥይት የሚሠራበት ብረት ነው። የሚገርመው ደግሞ የሚወዳቸው ቀለማት ናቸው። ደማቅ ቢጫ ከጥንት የሚሠራበት ዱቄት ሊድ ክሮሜት ይባላል፤ እርሳስ አለበት። በሰማያዊ ሲደባለቅ አረንጓዴ ይወጣዋል፤ ወንድሞቹ ደግሞ ብርቱካናማና ቀይ ይሰጣሉ። እስቲ ደግማችሁ አንብቡት፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በአገር ውስጥ ካለው ቀለም ሁሉ ለጭራው የሚያስፈልጉን ሦስቱ፣ በጣም ልንጠነቀቃቸው የሚገቡን ሦስቱ ሆነው ተገኙ።

እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ካልሲየም መስሎ ነው የሚገባው፤ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ አንጎልም ይዘልቃል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት ውስጥ ወደ ደማቸው የሚገባው ከአዋቂ በአራትና በአምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም "ይህን ያህሉ አይጎዳም" የሚባልለት መጠን የለም ይላል። የሚጎዳው ደግሞ ትምህርት መቀበልን፣ ትኩረትን ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፣ ምልክት ሳያሳይ። ታናሻችን ይህን ስትነግረን ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብን ይሻለን ነበር።

መጥረጊያ ስናነሳ ደግሞ ተቆጣችን፤ በደረቁ መጥረግ ብናኙን መልሶ አየር ላይ መበተን ነው። ሌሊቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለሉን፣ የሶፋውን እግር፣ የመስኮቱን ጠርዝ ወለወልን። ጨርቆቹን በፌስታል አስረን ጣልናቸው። ልጆቹን አጠብን፣ ልብሳቸውን ለብቻ አጠብን። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ጠየቀን፤ "አንድ ከሰዓት" አልን። እጃቸውን ቶሎ ቶሎ አስታጥቧቸው፣ ወተቱንና ጎመኑን አታጓድሉባቸው፣ ወንበሩንም ከቤት አውጡት አለን። የሚጡ እናት እስከ ቤት ድረስ አላናገረችንም። ስለ እሷ ዝምታ ብዙ መጻፍ እንችል ነበር፤ አንጽፍም።

የአባባ የወንበር እግር ተጣለ። ቆንጆው ታሪካችን አብሮት ሄደ።

ትተነው ነበር እኮ። ማሙሽ ግን በየቀኑ "የት ደረሰ?" ይላል። ስለዚህ ሰፈራችን ያሉትን አናጢ ለመንን። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከነብስራቱ ስንነግራቸው "እኛ ዕድሜ ልካችንን ቀለም ስንፍቅ ኖረን" አሉና ሳቁ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸውን ወደ መላጊያው መለሱ። ቀለም ነክቶት የማያውቅ የዋንዛ ቁራጭ መረጡልን። አፍንጫውን ራሳቸው አሞጠሞጡት፤ የ787 አፍንጫ እንደ ዓሣ ፊት ለስለስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደ ሌሎቹ ግንባር የለውም። ክንፉ ከአራት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሆነ። እኛ አንድ ወጥ አድርገን ልንሰካው ስንል "በሚበርበት ጊዜ ክንፉ ቀጥ አይልም፣ ወደ ላይ ይለመጣል፤ አይታችሁ አታውቁም?" አሉን። እውነታቸውን ነው። ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሹ ያህል ከካርቦን ፋይበር ዓይነቱ ስለሆነ ክንፉ እንደ ወፍ ላባ ወደ ላይ ይታጠፋል። በዕድሜያችን ሁሉ ስንት ሺህ አውሮፕላን በላያችን አለፈ? አናጢው አይተውታል፣ እኛ አላየነውም። ክንፉን ለሁለት ከፍለን ጎንና ጎኑን ትንሽ ቀና አድርገን በእንጨት ኮላ ሰካነው።

ሞተሮቹን መጀመሪያ ከወፍራም ማርከር ክዳን ሠራናቸው። ልክክ ብለው ነበር። ታናሻችን አንዷን በጣቷ ነቀለችና ሚጡ አፍ ላይ አስጠግታ አሳየችን። ነገሩ ገባን፤ ተነቅሎ ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር መጫወቻ ላይ አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱ ሞተሮች ከመወልወያ እጀታ ተቆርጠው፣ በምስማርና በኮላ ታስረው ክንፉ ሥር ገቡ። እማማ መወልወያቸው ለምን እንዳጠረ እስከ ዛሬ ድረስ በየሳምንቱ ይጠይቁናል።

ቀለሙ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እርሳስ በቀለም ውስጥ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቷል። ደስ ይላል። ግን አንድ ሱቅ ገብታችሁ "እርሳስ የሌለበት ቢጫ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። አንዱ "እርሳስ ከጎን ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው" ብሎ ጠቆመን። ሌላው "ሁሉም አንደኛ ነው" አለን። በቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያገላበጥን ስናነብ ባለሱቁ መርማሪ መስለነው ሳይሆን አይቀርም ዋጋ ቀነሰልን። በመጨረሻ የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ቤት፣ በውሃ የሚቀጥን፣ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበት፣ ኢ.ኤን. 71 የሚለው የአውሮፓ የመጫወቻ ደረጃ ያለበት አክሪሊክ አገኘን። ትንንሽ ቱቦ፣ ትልቅ ዋጋ። ከነጭ፣ ከአረንጓዴ፣ ከቢጫና ከቀይ ውጪ ምንም አልገዛንም።

ነጩ ሦስት እጅ ተቀባ፤ እየደረቀ እየለሰለሰ፣ አሁን ግን ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ። ጭራው ላይ ያሉትን ሦስት ላባዎች ታናሻችን በፕላስተር እየከለለች ቀባቻቸው። ቀዩን፣ ሻሿ የጋረደውን፣ ከሌላ ፎቶ አይተን ሞላነው። ሲያልቅ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ፈልገን እንደገና ፈራን። መላውን ያመጡት እማማ ናቸው። ጧፍ አመጡ። "ሰም ነው፣ ምን ያደርገዋል?" አሉ። ለቤተ ክርስቲያን የገዙትን ነው፤ "ልጅም የእግዜር ነው" ብለው አሳለፉት። ሰሙን አሙቀን በጨርቅ አሸነው። እንዴት ያምር እንደነበር!

እማማ፣ ይህን ሳንጽፈው ማለፍ አንችልም፣ አውሮፕላን አይወዱም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ካለቀ ወዲህ፣ ከጣሪያችን በላይ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጀበናውን አስቀምጠው ድምፁ እስኪርቅ ያማትባሉ። ሴት ልጃቸውንም የሸኙት እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ አልሄዱም፣ ግቢ ቆመው አማተቡ። አሁን ያንኑ ነገር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ሰም ያሹታል።

ቀረ መስኮቱ። መስኮቶቹን በምስማር ራስ ቀለም እየነከርን አንድ በአንድ ነጠብጣብ አደረግናቸው። ማሙሽ "እማዬ የቷ ጋ ናት?" አለ። ቀላል ጥያቄ መሰለን፤ ማታ ስትደውል ጠየቅናት፦ "መስኮት ጋ ነበር የተቀመጥሽው?"

ዝም አለች። ኔትወርኩ የቆመ መስሎን ነበር። ከዚያ "አይ፣ መሀል ላይ ነበርኩ" አለች። "ግራና ቀኝ ሰው ነበር። አዲስ አበባን አላየኋትም። ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ጨለማ ሆኗል።" ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቀናት አናውቅም። የምንጠይቃት መቼ እንደምትልክ ነበር።

ከስልኩ በኋላ እርስ በርሳችን ተጣላን። ታላቃችን "አንዷ መስኮት ላይ እንሳላት፣ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?" አለ። ታናሻችን "በውሸት ጀምረን በውሸት አንጨርስም" አለች። ማሙሽ ለካ አልተኛም፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ "መሀል ከሆነች አትታይም" አለን። "በቃ ውስጥ ናት።" መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ቀሩ።

መለያ ቁጥሩን እሱ መረጠ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ሁሉ መለያቸው በ"ኢቲ" ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ ሦስት ፊደል ይከተላል። የእኛው "ኢቲ-እማዬ" ይላል። ፊደሎቹ ሦስት ናቸው፣ ደንቡ አልተጣሰም።

በገና ዋዜማ ሰጠነው። ከትኬት ቢሮ ያየነውን አስመስለን ከታች የእንጨት እግር ሠርተንለት፣ አፍንጫው ቀና ብሎ፣ ክንፉ ወደ ላይ ተለምጦ፣ እየበረረ። ማሙሽ ከእግሩ ላይ አነሳው። አፍንጫውን ዳሰሰ። ጭራውን አየ፣ ቀለሞቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ገለበጠው።

"ጎማው የት አለ?"

"እየበረረ እኮ ነው" አልን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ። "አየር ላይ ሲሆን ጎማውን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል።"

እንደገና ገለበጠው፤ ሆዱን በጥፍሩ ቆረቆረው፣ የሚከፈት ነገር ካለ። የለም። ድፍን ዋንዛ ነው።

"ታዲያ በምን ያርፋል?"

ወር ከምናምን ሠርተን ማናችንም ይህን አላሰብንም። ስለ ጭራው ተጨነቅን፣ ስለ ክንፉ መለመጥ ተከራከርን፤ እንዲያርፍ አድርጎ መሥራት ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ማሙሽ አልተቆጣም። አውሮፕላኑን አልጋው ላይ በሆዱ አስተኛውና "ጎማ እስኪመጣለት ይተኛ" አለ።

787 አሥር ጎማ አለው፤ ከአፍንጫው ሥር ሁለት፣ ከሆዱ ሥር ግራና ቀኝ አራት አራት። "ሦስት አይበቃህም?" ብለን ለመንነው። አይበቃውም። ከመወልወያው የተረፈችውን እጀታ በቀጭን በቀጭኑ ብንቆርጣት ስድስት ብቻ ወጣት። ለቀሩት አራቱ ሌላ እንጨት ያስፈልገናል። እማማ አዲስ መወልወያ ገዝተዋል፤ የት እንደደበቁት ግን ሊነግሩን አልቻሉም።